ሰንበቴ ሜዳን ማን ከፈተው?

ነገሩ የሆነበትን ዓመት በቁርጥ አላስታውሰውም። ልጆቼ «አባባ፣ ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» እያሉ ሲያፋጥጡኝ አንድ ጊዜ አንዱን፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን እላለሁ፤ እነሱም ይስቁብኛል። ወሩ ግን ጥቅምት ነው። ገብሱ ዘለላ አውጥቷል፣ ሜዳው ከላይ ደርቆ ከሥር ገና ውኃ እንደ ያዘ ነው። ይህን ተረከዜ ያስታውሰዋል። ተረከዝ እንዴት ወር እንደሚያውቅ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ ሥራዬ ነበረ።

ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። አዘዞ ከልጄ ዘንድ ነው የምኖር። አውሮፕላን በጣራችን ላይ ሲያልፍ የልጅ ልጆቼ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። እኔ ግን ድምፁን ስሰማ ሳላውቀው አገጬን አነሣለሁ፤ ነፋሱ ከየት እንደሆነ ጉንጬ ይነግረኛል። እንዲህ አርጅቼ በሰላም በተቀመጥኩበት ነው አንድ ሰሌዳ የመጣብኝ። በዱሮ የሥራ ቦታዬ ላይ ያቆሙት የመታሰቢያ ሰሌዳ ነው፤ የተጻፈበት ነገር ግን አልሆነም። አለመሆኑን በዓይናቸው ካዩት ከሠራተኞቹ የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔም ዝም ብዬ ከሞትኩ ሰሌዳው እውነት ሊሆን ነው። እንዲህማ አይሆንም ብዬ ብዕር አነሣሁ። ትምህርቴ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ትምህርት ነው፤ ስሕተቴን እለፉልኝ፣ ነገሬን ግን አትለፉት።

ሰንበቴ ሜዳ ከዳባት ወደ ላይ የሚገኝ የሣር ሜዳ ነው። የደብሩ ሰው ከብት የሚያግጥበት የጋራ ሜዳ ነበር፤ ኋላ መንግሥት አውሮፕላን ማረፊያ አደረገው። አስፋልት የለ፣ አጥር የለ። በዳርና በዳር በኖራ የተቀባ ድንጋይ፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ሚዛን፤ ይኸው ነው። የተቀጠርኩት ጡሩምባ መንፋት ስለምችል ነው። አውሮፕላን ከመድረሱ በፊት ጡሩምባ ይነፋል፤ ያን ጊዜ ባለከብቱ ሁሉ ከብቱን ይመልሳል። ጡሩምባዬን ላሞቹም ያውቁት ነበር። አንዳንዷ ከባለቤቷ ቀድማ ትወጣለች።

ሥራውን ያስተማረኝ አያ ፈንቴ ነው። የሜዳው ዘበኛ ይባላል እንጂ ሜዳው እሱ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግሩ የተቆጠበ ሰው። ጠዋት ጠዋት ጫማውን አውልቆ በብብቱ ይይዝና ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድበታል። እየቆመ ተረከዙን ይጭናል። ተረከዙ የገባበት ጉድጓድ ውኃ ካቀረረ አውሮፕላን አይወርድም፤ ካላቀረረ ይወርዳል። «ጫማ ያደረገ ሰው መሬት አያናግረውም» ይለኝ ነበር። እኔም ጫማዬን አወለቅሁ። በደጋ ውርጭ እንዴት እንደሚያቃጥል እግዜር ያውቀዋል።

አብራሪው ከሰማይ በሬዲዮ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «መሬቱ እንዴት ነው?» የጣቢያው ሹም ከቤት ብቅ ይልና ይህንኑ ጥያቄ ወደ አያ ፈንቴ ይወረውራል። አንድ ቀን ሹሙ በጣም የሚፈልገው ዕቃ ይመጣለት ነበርና «ደረቅ ነው በል እንጂ፣ ምነው?» አለው።

«ደረቅ አይደለም።»

«ትንሽ እርጥብ ነው እንበል።»

«እንግዲያ ትንሽ ሰው ይሞታል» አለ አያ ፈንቴ።

ያን ቀን አውሮፕላኑ ተመለሰ። ሹሙ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። አያ ፈንቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስማ፣ መሬቱን ሲጠይቁህ እግርህ ያገኘውን ተናገር። ጆሮ የሚወደውን ብትነግረው ገደልከው» አለኝ። ብዙ አለቃ አይቻለሁ፣ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ግን አላገኘሁም።

ሚዛኑንም ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ትንሽ አውሮፕላን ስለሆነች ተሳፋሪው እንደ ዕቃው ይመዘናል። አንድ ጊዜ ወፍራም መሪጌታ ሚዛን ላይ ውጡ ሲባሉ ተቆጡ። «ሰው እንደ በርበሬ ይመዘናል? እኔን የሚመዝነኝ ቅዱስ ሚካኤል ነው!» አሉ። አያ ፈንቴ እጅ ነሥቶ፣ «የኔታ፣ እዚህ ካልተመዘኑ እኮ እሱ ዘንድ ቶሎ ይደርሳሉ» አላቸው። ሳቃቸውን አፍነው ሚዛኑ ላይ ወጡ።

ሌላው ሥራ ጭስ ነው። የሰሌዳው ነገር የሚዞረው በዚህ ላይ ስለሆነ ልብ በሉልኝ። ነፋስ የሚያሳይ የጨርቅ ከረጢት በእንጨት ላይ ተሰቅሎልን ነበር። ግን ጉም ሲያረጥበው እንደ ሞተ ዶሮ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ አውሮፕላን ሲመጣ እሳት አንድደን ጭስ እናወጣለን፤ አብራሪው የጭሱን አቅጣጫ አይቶ ከነፋሱ ፊት ለፊት ይወርዳል። ከሥር ኩበት፣ ከላይ እርጥብ ገለባ ነው። ገለባው ከበዛ ይታፈናል፣ ካነሰ ነዶ ያልቃል። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ከሩቅ የሚታይ ጭስ ማውጣት ወጥ የመሥራት ያህል እጅ ይፈልጋል። ከእኛ ዘንድ ጭስ ማለት «ሜዳው ክፍት ነው፣ ና ውረድ» ማለት ነበር።

ያን ቀን አውሮፕላን አንጠብቅም ነበር። ረፋዱ ላይ ሹሙ ሬዲዮ ሰምቶ ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች አንድ አውሮፕላን ከነተሳፋሪው ጠልፈው ጠረፍ ሊያሻግሩት ነው። ከላይ የመጣው ትእዛዝ፣ በአካባቢው ያለ ሜዳ ሁሉ ይዘጋ፣ ማንም እንዳያርፍ የሚል ነው። እኔ ይህን ትእዛዝ በሹሙ አፍ፣ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይዘጋ ነው ያለው።

አስር አለቃ ደምሴ የሚባል የሚሊሺያ አዛዥ ሰዎቹን ይዞ መጣ። ባዶ በርሜልና ድንጋይ እያንከባለሉ ሜዳውን ዘጉት። እኛም አግዙ ተባልንና እኛ ባለንበት ጫፍ አገዝን። አያ ፈንቴ አንዱን በርሜል ካቆመ በኋላ፣ «አንተ ደምሴ፣ አየር ላይ ያለው ሰው የት ይውረድ ብለው ነው?» አለው።

«እሱን የሚያስቡ አሉ አያ። የኛ ሥራ መዝጋት ነው።»

«የሚያስቡት ሰዎች አውሮፕላን ሲወርድ አይተው ያውቃሉ?»

«ኧረ አያ፣ አታስጨርሰኝ!»

ብዙም ሳይቆይ ድምፁ መጣ። ከጉሙ ሥር ብቅ አለች። አንድ ጊዜ ዞረችን። አየችን፣ ድንጋዩንም አየች፤ ሄደች። ተመልሳ መጣች። ሬዲዮ የለም፤ ጠላፊዎቹ ሬዲዮውን ዘግተውበታል። ሁለተኛ ስትዞር አያ ፈንቴ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚያዳምጥ ሆነ። «አንደኛው ሞተር እየሳለ ነው» አለ። እኔም ሰማሁት። በሬ ሣር ሲያንቀው እንደሚያደርገው ነው፤ ይቆማል፣ ይቀጥላል፣ ይቆማል።

ሦስተኛ ስትዞር አያ ፈንቴ ተነሣና ወደ ኩበቱ ሄደ።

«አያ ፈንቴ! ምነው? ትእዛዙን አልሰማህም?» አለ ደምሴ ከኋላው ቆሞ።

«ሰምቻለሁ።»

«እና ምን ልትሆን ነው?»

«አውሮፕላን ሲዞር ጭስ ይጨሳል። ይኸው ነው ሥራዬ። ውስጡ ማን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም።»

አስር አለቃው ጠመንጃውን ወደ እሱ አዞረ። አያ ፈንቴ ክብሪቱን ጫረ። ነፋሱ አጠፋበት። ጀርባውን ለአፈሙዙ ሰጥቶ ጎንበስ አለና ሌላ ጫረ። ያን ጀርባ እስክሞት አልረሳውም። ደምሴ አልተኮሰም። «አያ፣ ታስጨርሰኛለህ፣ ታስጨርሰኛለህ» ይል ነበር። ኋላ ጠመንጃውን ሣር ላይ ጣለና ከሁሉም በፊት አንድ በርሜል ገፋ። የሱ ሰዎችም ተከተሉት። እኔ ጡሩምባዬን ነፋሁ፤ ባለከብቱ፣ ጉድ ሊያይ የመጣው ሰው ሁሉ ሮጦ ገባ። ድንጋዩን በደረታችን እየገፋን ወደ ዳር አወጣነው። ጭሱ ነጭ ሆኖ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ጋደል አለ።

በላይኛው ጫፍ ሣሩ ረጅም ነበር። እዚያ ሚሊሺያዎቹ ያኖሩት አንድ ድንጋይ ነበር፤ ሣሩ ስለሸፈነው አላየነውም። ሜዳውን በእግራችን ሳንሄድበት አውሮፕላን ያሳረፍነው ያን ቀን ብቻ ነው። ጊዜ አልነበረንም፤ ሞተሩ ሊቆም ነበር። በሸጋ ወረደች። ጎማዋ መሬት ሲነካ ሕዝቡ እልል አለ። እየሮጠች እየሮጠች ላይኛው ጫፍ ደርሳ ልትቆም ስትል ግራ ጎማዋ ድንጋዩን መታው። ተጣመመች፣ ክንፏ መሬት አርሶ ቆመች።

ሁለቱ ጠላፊዎች ገና ጢም ያላወጡ ወጣቶች ናቸው። አንደኛው ቦምብ በእጁ ይዞ ወረደና አለቀሰ። ደምሴ፣ «አምጣት» ብሎ ተቀብሎ ኮረጆው ውስጥ ከተታት። ቀለበቷ እንዳለ ነበር። አልፈነዳችም። ደግሜ ልጻፈው፤ አልፈነዳችም።

በተመታው በኩል የተቀመጠች አንዲት ነርስ ነበረች፤ ብረቱ ደረቷ ላይ ገብቷል። በቃሬዛ ያወጣናት አያ ፈንቴና እኔ ነን። ዓይኗን ገልጣ፣ «መሬት ነው?» አለች።

«መሬት ነው እመቤቴ፣ ሣር ነው» አላት አያ ፈንቴ። የሜዳው ዳር ሳንደርስ አለፈች። ሌላው ሰው ሁሉ በእግሩ ነው የወረደው።

ወታደር በሄሊኮፕተር የደረሰ ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ተሳፋሪው በየጎጆው ተከፋፍሎ፣ ጋቢ ተደርቦለት ቆሎ ይቆረጥማል። በማግስቱ ሬዲዮው ምን አለ? ንቁው የጸጥታ ኃይል አውሮፕላኑን አስቀድሞ ወዳዘጋጀው ሜዳ በጥበብ መርቶ አሳረፈው፣ ጠላፊዎቹንም ከበበ፣ አንዲት ተሳፋሪ ግን እነሱ ባፈነዱት ቦምብ ሞተች አለ። አያ ፈንቴና እኔ ይህን የሰማነው ጎንደር እስር ቤት ሆነን ነው። የታሰርነው ደግሞ ሜዳውን ከፍታችኋል ተብለን!

እስቲ ፍረዱ። መንግሥት ከከፈተው እኛ ለምን ታሰርን? እኛ ከከፈትነው መንግሥት ከፈተው የሚባል ለምን ነው? አያ ፈንቴም መርማሪውን የጠየቀው ይህንኑ ነው።

«ሜዳውን ማን ከፈተው?» አለ መርማሪው።

«እኔ። ግን ጌታዬ፣ ሬዲዮው መንግሥት ነው የከፈተ ብሏል። እንግዲያው እኔን ፍቱኝ።»

«ሬዲዮውን ተወውና የተጠየቅኸውን መልስ!»

«እኔማ ልተወው፤ እናንተ አልተዋችሁትም እንጂ።»

በጥፊ መታው። እኔም ከጎን ሆኜ፣ «እኔም አንከባልያለሁ፣ ጡሩምባም ነፍቻለሁ» አልኩ። አያ ፈንቴ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ይኼ እኔ ያዘዝኩትን የሚሠራ ነው። በእሱ ላይ ቀለም አታባክኑ» አለ። አንድ ጥፋተኛ በቅቷቸው ነበርና እኔን ለቀቁኝ። ስወጣ በበሩ ቀዳዳ፣ «መሬቱን ሲጠይቁህ…» አለኝ። አልጨረሰውም፤ የቀረውን አውቀዋለሁ።

እሱ ብዙ ቆየ። ሲፈታ እግሮቹ አብጠው ነበር፤ ጫማ የማይገባላቸው እግሮች ሆኑ። ወደ ሥራ አልመለሱትም፣ ጡረታም አላገኘ። ሜዳው ተዘጋና እኔን ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ አዛወሩኝ። እዚያ ታኮ ከጎማ ሥር ማኖር፣ ዕቃ መጫን፣ ኋላም የእሳት አደጋ መኪና ላይ መሥራት፤ ብዙ ዓመት በሰላም ሠራሁ። ሹማችን የሬዲዮውን ቃል ደግፎ መስክሮ ትልቅ ቦታ ደረሰ። ደምሴ ከአገር ጠፋ፤ ወዴት እንደገባ አላውቅም። አያ ፈንቴን በየክረምቱ መውጫ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር። ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጤናዬ አልነበረም። «የአዘዞው መሬት እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር። «አስፋልት ነው አያ፣ ምን ይሆናል» ስለው፣ «አስፋልትም መሬት ነው» ይለኝ ነበር። ሲሞት ለቀብሩ ከመንግሥት ወገን የመጣ ሰው አልነበረም።

መንግሥት ተቀያየረ፤ ወሬው ግን አልተቀየረም። አምና ከዞን የመጣ ትሑት ልጅ ቤቴ ድረስ መጣና፣ «አባባ፣ በሰንበቴ ሜዳ ሰሌዳ ልናቆም ነው። ከሠራተኞቹ የቀሩት እርስዎ ስለሆኑ ጨርቁን ይገልጡልናል» አለኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ጽሑፉን አሳየኝ። ቀስ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ያው የሬዲዮው ቃል ነው፤ ተዘጋጅቶ የጠበቀ ሜዳ፣ ቦምብ፣ የነርሷ ሞት። በመጨረሻ ደግሞ «ሥነ ሥርዓት የጎደለው አንድ ሠራተኛ ሁኔታውን ለማሰናከል ቢሞክርም» ይላል።

«ልጄ፣ ይኼ ውሸት ነው» አልኩት።

«አባባ፣ ከመዝገብ ነው የተቀዳ።»

«መዝገቡ እዚያ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።»

«እሺ፣ ለኮሚቴው እነግራለሁ» አለ። መንገሩን እንጃ። በቀኑ ስሄድ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ የተጻፈው ያው ነበር።

ሰው ብዙ ነበር። ድንኳን፣ ወንበር፣ ማይክሮፎን። ከፊት ረድፍ ከጎኔ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ትዕግሥት ትባላለች፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። የዚያች ነርስ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች አሉኝ። 

ስሜ ተጠራ። የሰሌዳውን ጨርቅ ገመድ ያዝኩ። ሕዝቡ ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ። እኔ ገመዱን ለቀቅሁት።

«አልገልጠውም» አልኩ። «ይህ ሜዳ በትእዛዝ ተዘግቶ ነበር። የከፈተው አያ ፈንቴ ነው፤ የታሰረውም ስለከፈተ ነው።»

ማይክሮፎኑን አጠፉብኝ። ሞኞች! እኔ በዚህ ሜዳ ላይ ያለ ማይክሮፎን ከብት ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከወዲያ ጥግ ያሉት ገበሬዎች ሳይቀሩ ሰሙኝ። አንድ ባለሥልጣን ክንዴን ይዞ፣ «አባባ፣ ደክሞዎታል፣ ይቀመጡ» አለኝ። «አልደከመኝም። አንተ ከደከመህ ተቀመጥ» አልኩት። ሕዝቡ ሳቀ።

ትዕግሥት ተነሣች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «አባባ፣ እናቴ በቦምብ አይደለም የሞተችው?»

ከመድረኩ «ቦምብ ነው፣ ቦምብ ነው» የሚል ድምፅ መጣ። እኔ ግን መሬቱን ተጠይቄያለሁ። እርጥብ ነው ልበላት ወይስ ደረቅ? ልጅ ናት፣ ቁስሏ ድኗል፤ ምነው ልቀስቅሰው አልኩ በልቤ። አንድ ጀርባ ትዝ አለኝ፤ ጎንበስ ብሎ ክብሪት የሚጭር።

«አይደለም ልጄ» አልኳት። «ቦምቡ አልፈነዳም፤ ቀለበቱ እንዳለ አይቻለሁ። ሜዳውን ለመዝጋት ከተቀመጡት ድንጋዮች አንዱ ቀርቶ ነበር፤ አውሮፕላኑ እሱን መታ። እናትሽን ያወጣናት እኛ ነን። ‹መሬት ነው?› አለችን። መሬት ነው አልናት።»

  «ያሳዩኝ» አለች ትዕግሥት።

ክንዴን ደግፋ ወደ ላይኛው ጫፍ ሄድን። ከኋላችን ፕሮግራሙ እንደሚቀጥል በማይክሮፎን ይናገራሉ፤ ሰዉ ግን እኛን ተከትሎ መጣ። ድንጋዩ ዛሬም አለ፤ ማንም አላነሣውም። በአንድ ጎኑ ጎማው ሲመታው የተሸረፈው ቦታ ይታያል። ትዕግሥት ጎንበስ ብላ የተሸረፈውን ቦታ በመዳፏ ዳሰሰችው። ቀና አለችና፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ስረግማቸው የኖርኩት እነዚያን ሁለት ልጆች ነው» አለች።  ጫማዋን አውልቃ እስከ መኪናው በባዶ እግሯ ነው የሄደች፤ ማንም ይህን አድርጊ አላላትም።

ሰሌዳውን በሌላ ቀን ሌላ ሰው ገልጦታል አሉ። ቆሟል። ይቁም። ወደ ዳባት የምትሄዱ ካላችሁ ጎራ ብላችሁ አንብቡት፤ ካነበባችሁ በኋላ ወደ ላይኛው ጫፍ ሄዳችሁ ድንጋዩን እዩት። ተመልሳችሁም መንግሥት የከፈተውን ሜዳ የከፈተ ሰው ለምን እንደታሰረ የሚመልስላችሁ ካለ ጠይቁ። እኔ የሚመልስልኝ አላገኘሁም፤ እስከማገኝ ደግሞ አልቀመጥም።

ሰሌዳው «አንድ ሠራተኛ» ይላል። ስም የለውም። በመርማሪው ፊት እኔን ከጀርባው ያደረገኝ፣ በትዕግሥት ፊትም ምላሴን ያቀናልኝ ያ አንድ ሠራተኛ ፈንቴ ገላው ተድላ ይባላል።